መተማ ላይ በፍል ውኃ ይታጠቡ ለነበሩት ክቡር ሬዚደንት፤ ስለ ታሸገው የውኃ ማፍያ

ይድረስ፦ የጣሊያን መንግሥት ሹም፣ የመተማ ሬዚደንት ለነበሩት፣ ዛሬ ጎንደር ላይ ከግንብ ጥግ ተጠግተው እንደሚገኙ ለሰማሁት ለክቡር ጌታዬ

ግልባጭ፦ ለመተማ ዮሐንስ ገበያ፤ እንዲሁም ለኮኪትና ለሽንፋ ገበያተኛ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ

የካቲት 1933 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤንነትዎን ነገር በብዙ ትሕትና እጠይቃለሁ። መተማን ሲለቁ የመኪናው ጋቢና ውስጥ ቀድመው ለመግባት ሲጋፉ ተመታ የተባለው ጉልበትዎ ተሻለው ወይ? የቆላው ፀሐይ ያቀላው አንገትዎስ ደጋ ሲገባ ጠገገ ወይ? እኛ፣ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይግባውና እጅግ ደኅና ነን። ከመሄድዎ በፊት ደኅና እንዳልነበርን ከዚህ አነጋገሬ ቢረዱ፣ ያ የክቡርነትዎ አስተዋይነት እንጂ የእኔ ድፍረት አይደለም።

ስሜን ምናልባት አያስታውሱትም። እኔ ስመኝ ያረጋል ነኝ፤ በሐኪም ቤቱ የበሽተኛውን ቋንቋ ለሐኪሙ፣ የሐኪሙን ለበሽተኛው፣ የእርስዎን ቁጣ ደግሞ ለሁላችንም እተረጉም የነበርኩት ሴት። ጣሊያንኛውን አስመራ መነኮሳይቶች ቤት ልብስ ሳጥብ ለመድኩት፤ የአማርኛውን ጽሕፈት አባቴ ደብተራ ያረጋል አስተማሩኝ። እርስዎ "አንቺ ምላስ" እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ እኔም አቤት እል ነበር። ዛሬ ያ ምላስ የሌላ ሰው ቃል የሚተረጉምበት ሥራ ስላጣ፣ የራሱን ለመናገር ተገድዷል።

የምጽፍልዎት ሌላ ነገር ፈልጌ ሳይሆን አወጣጥዎ ድንገተኛ ስለነበረ የሚገባዎትን ምስጋና ሳናቀርብልዎ በመቅረታችን ነው። ምስጋናችን ብዙ ነው፤ እንዳይደበላለቅብዎ በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛ፣ የኤሌትሪኩን የውኃ ማፍያ ስላመጡልን እናመሰግናለን። ከአስመራ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ በሣርና በጆንያ ተጠቅልሎ ሲደርስ የከተማው ሰው በሙሉ በአዋጅ ተጠርቶ ነበር። በርሜል የሚያህል የመዳብ ዕቃ ነው፤ በሆዱ ውስጥ እንደ እባብ የተጠመጠመ ማሞቂያ ብረት አለው፤ ሞተሩ ሲነሣ ያ ብረት ይግላል፣ ውኃውም ያለ ማገዶ ይፈላል። እርስዎም በነጭ ልብስ ደምቀው ቆሙና፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሐኪም ቤቱ ቢላዋና መርፌ በኤሌትሪክ እንደሚቀቀል፣ ጭስ የድንቁርና ምልክት በመሆኑ በሐኪም ቤቱ ግቢ እሳት ያነደደ ሁሉ እንደሚቀጣ፣ የሐኪም ቤቱንም መሣሪያ ከግቢ ያወጣ እንደ ሌባ እንደሚቆጠር ተናገሩ። እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። በመካከላቸው የቆሙት አስካሪ የምትሏቸው ወታደሮች መጀመሪያ ማጨብጨባቸው ብዙ እንደረዳቸው ግን አልክድም።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ብቸኝነት እንዳይሰማው ብለው ከእሱ እስከ መኖሪያ ቤትዎ መታጠቢያ ድረስ ቧንቧ ስላስዘረጉለት እናመሰግናለን። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት መተማ ላይ በሚያዝያ ከጉድጓድ የተቀዳ ውኃ ከቤት ሳይደርስ በመንገድ ላይ ለብ ይላል። እኛ ቆላዎች ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ዚር የምንለውን የሸክላ እንስራችንን በዛፍ ጥላ፣ በእርጥብ ጆንያ ውስጥ ስንደብቅ፣ እርስዎ ግን በየማለዳው እንፋሎት ከሚያወጣ ገንዳ ውስጥ ይነከሩ ነበር። በዚያ ሐሩር በፍል ውኃ የሚታጠብ ሰው ስናይ የመጀመሪያችን ስለሆነ፣ ብዙዎቻችን ስእለት ይኖርባቸዋል ብለን ነበር። ፍሉ መጀመሪያ ለእርስዎ ገንዳ ይሄዳል፤ የተረፈው ለሐኪም ቤቱ ይቀራል። ሳይተርፍም አልቀረም፤ አንዳንድ ቀን እጅ ለማስታጠብ የሚበቃ ነበር።

ሦስተኛው ምስጋናዬ የወጣቱን ሐኪም ጉዳይ ይመለከታል። ሐኪሙ የአገርዎ ልጅ፣ መቶ አለቃ፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ስማቸውን አሁን ያሉበትን ስለማላውቅ እዚህ አልጽፈውም። ጥቂት ወራት እንዳለፈ ውኃው ለመፍላት መዘግየት ጀመረ። ሐኪሙ ሞተሩ እንዲቆም አድርገው፣ ክዳኑን ፈትተው ወደ ውስጥ ተመለከቱና እኔን ጠሩኝ። ማሞቂያው ብረት አይታይም ነበር። የጉድጓዳችን ውኃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ፣ በየቀኑ በፈላ ቁጥር ኖራው በብረቱ ላይ እየተጋገረ፣ የዕንቁላል ቅርፊት የመሰለ፣ ግን ከዕንቁላል ቅርፊት እጅግ የወፈረ ድንጋይ አልብሶት ነበር። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በመተማ ሻይ የሚያፈላ ሰው ሁሉ የበራዱን ሆድ ያውቃል። ሐኪሙም ነገሩን ከትምህርት ቤታቸው ጀምረው ያውቁት ነበር።

"ይህ ድንጋይ ሙቀቱን ብረቱ ውስጥ ያፍነዋል፤ ውኃው ሳይፈላ ብረቱ ይቃጠላል" አሉኝ።

በየሳምንቱ መከፈት እንዳለበት፣ ቅርፊቱ በጎምዛዛ ነገር ተዘፍዝፎ በእንጨት እንጂ በቢላዋ መፋቅ እንደሌለበት፣ ክረምት ሲገባም የጣራ ውኃ በበርሜል ተጠራቅሞ ከጉድጓዱ ይልቅ በእሱ ቢሠራ እንደሚሻል አስረዱ። ከዚያም ከሹማምንቱ ወጥ ቤት ኮምጣጤ አስመጥተው ዘፈዘፉት፤ ነጩ ድንጋይ እየተነፋ፣ እየተፈረፈረ ወረደ። በማግስቱ ውኃው እንደ መጀመሪያው ጊዜ ቶሎ ተንተከተከ። ሐኪሙ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ክቡርነትዎ ግን በዚያች ማለዳ ገንዳዎ ዘገየ፣ ምሳዎም ላይ ሰላጣዎ ያለ ኮምጣጤ ቀረበ። እንዲህ ያለውን መከራ የሚችል ሰው እንደሌለ እናውቃለን። ከምሳ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤቱ መጥተው፣ የመንግሥት ዕቃ እንደ ድስት እየተከፈተ የሚታጠብ ነገር አለመሆኑን፣ ክዳኑን የሚከፍት ሰውም መዳቡን ሊሰርቅ እንደሆነ እንደሚቆጠር አስታወቁ። ከኬላው ጉምሩክ ዕቃ የሚያሽግበትን ሽቦና የእርሳስ ብረት አስመጥተው ክዳኑን ዙሪያውን አሠሩት፣ እርሳሱንም ራስዎ በጣትዎ ቀለበት አተሙት። ሐኪሙ ዕቃው እንደሚቃጠል ሊያስረዱ ሲሞክሩ የመለሱላቸው ቃል ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

"የእኛ ዕቃ አይቆሽሽም።"

ይህን እንድተረጉመው አላዘዙኝም ነበር፤ እኔ ግን ለጽዳት ሠራተኞቹ ተረጎምኩላቸው። ለረጅም ጊዜ አስቋቸዋል፤ ስለዚህም ተጨማሪ ምስጋና ይድረስዎ።

በቁጥሩ ከቀጠልኩ አራተኛ የሚሆነው የሽቶው ነገር ነው። የገንዳው ውኃ ኖራ ኖራ ይሸታል ብለው፣ ከአገርዎ የመጣ ደረቅ ቅጠልና የወይራ ዘይት በላይኛው የውኃ መሙያ በኩል በየማለዳው እንዲጨመርበት አዘዙ። ክዳኑ የታሸገ ነው፣ መሙያውን ግን የእርስዎ አሽከር ብቻ ይከፍተው ነበር። ዘይቱና ቅጠሉ በነጩ ድንጋይ ላይ እየተለጠፈ፣ እያረረ፣ ጥቁር ቅርሻ ሆኖ ደረበበት። እንፋሎቱ የተቃጠለ ወጥ ይሸት ጀመር። ሐኪሙ በቃልም በጽሑፍም አመለከቱ። እርስዎ ደግሞ የሽታው ምክንያት በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ መሆኑን ወሰኑ፤ ከግቢው አጥር አጠገብ የነበሩት ጎጆዎችም ፈረሱ። ውኃው እያደር ለብ ከማለት አላለፈም። ሞተሩ ከንጋት ጀምሮ ሲያጓራ ውሎ፣ የሚጠጣው ናፍጣ በእጥፍ ሲጨምር፣ ሞተሩን የሚያስነሡት ሰዎች በስንፍና ተገረፉ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን እተወዋለሁ፤ የቀረው ነገር ለቁጥር አይመችም።

እትዬ ኩብራን ያውቋቸዋል። ከገበያው መግቢያ ሁመር፣ ከርከዴና ቃሪያ የሚሸጡት ትልቅ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ከኬላው እስከ ወንዙ ይሰማል፣ በጉርብትና ግን ከእሳቸው የተሻለ ሰው አላገኘሁም። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሁሪያ የምትባል። ሁሪያ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ተጎድታ ወደ ሐኪም ቤት መጣች። ያን ቀን ሐኪሙ ሽንፋ ወደሚገኘው የወታደር ሰፈር ተጠርተው ሄደው ስለነበር፣ ረዳታቸው የነበረው ወታደር ሰፋት። መርፌውንና መቀሱን ያወጣው ከዚያ ለብ ካለ ውኃ ውስጥ ነበር። ሁሪያ በትኩሳት ነደደች፤ ቁስሏ አመረቀዘ። ሐኪሙ ተመልሰው እንደምንም አተረፏት፤ ልጁን ግን ጡት የምታጠባው ሌላ ሴት እስኪገኝ ድረስ በፍየል ወተት አቆየነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ውኃው ሲንተከተክ በዓይናቸው ካላዩ በስተቀር በማንም ሰው ላይ ቢላዋ እንደማያነሡ ማሉ።

እትዬ ኩብራ ልጃቸው በእግሯ ስትቆም ሐኪሙን ሊያመሰግኑ መጡ። የደረሰው ነገር ከምን እንደመጣ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ነገሩን እንደሰሙ፣ "ታዲያ ኮምጣጤው ለሹሙ ምግብ ካስፈለገ ሁመር አለ አይደል? እኔ በራዴን የማጥበው በምን ሆነና?" አሉኝ። ሁመር፣ ሱዳኖቹ አረዴብ የሚሉት ያ ጎምዛዛ ፍሬ፣ እንደ ኮምጣጤ ድንጋዩን እንደሚፈታ ሐኪሙም ተስማሙ። የቀረው የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነበር። እትዬ ኩብራ ለፈቃድ ባዶ እጅ አይኬድም ብለው፣ ከሁመራቸው ምርጥ ምርጡን በቅርጫት ሞልተው፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፣ እኔን አስከትለው ከቢሮዎ ደረጃ ላይ ቆሙ።

ያን ንግግር እንዴት ልርሳው፤ የሁለታችሁም ቃል በእኔ አፍ ውስጥ ነው ያለፈው። እትዬ ኩብራ በተቻላቸው ትሕትና፣ ሹሙ ማኅተሙን ለአንድ ቀን ቢያነሡ፣ ይህን ፍሬ ዘፍዝፈው ድንጋዩን እንደሚያሟሙትና ውኃው እንደሚፈላ ተናገሩ። እርስዎ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱን ቃል ብቻ ሰሙ።

"ድንጋይ ያሟሟል?" ብለው ጠየቁ።

ያሟሟል አልኩ።

"እንግዲያውስ ብረትም ያሟሟል። እኔ የምታጠብበትን ውኃ ልትመርዝ ነው የመጣችው።"

ፍሬውን ልጆች እንደሚበሉት፣ እትዬ ኩብራ ራሳቸው ከቅርጫቱ አንሥተው እፊትዎ ሊቀምሱት እንደሚችሉ ነገርኩዎት፤ ቀመሱትም። እርስዎ ይህንን የተካነች መርዘኛ የምታደርገው መሆኑን አብራሩልን። ከዚያም እትዬ ኩብራ በጉምሩኩ የቆርቆሮ መጋዘን እንዲታሰሩ አዘዙና ትእዛዙን እንድነግራቸው ወደ እኔ ዞሩ። ሁሪያ ስትታመም አብሬያቸው ያደርኩ ጎረቤታቸው ነኝ፤ "ታስረዋል" የሚለውን ቃል በራሴ አፍ ነገርኳቸው። እትዬ ኩብራ እኔን ሳይሆን እርስዎን እየተመለከቱ፣ ቅርጫቱ የሰው ስለሆነ ለባለቤቱ እንድመልስላቸው ብቻ ለመኑኝ። ክቡርነትዎ፣ በሕይወቴ ብዙ ክፉ ቃል ተርጉሜያለሁ፤ ያን ቀን ግን ቤቴ ገብቼ አፌን በውኃ ስጉመጠመጥ ዋልኩ።

በዚያ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ በግንቦት ምን ያህል እንደሚሞቅ ለመግለጽ አልሞክርም። ሙቀት የሚወዱ ሰው ስለሆኑ ሊቀኑ ይችላሉ።

እትዬ ኩብራ እንደታሰሩ ከኮኪት አያ ደምለው መጣ። ለሰሊጥ መሬት ሲመነጥር መጥረቢያው አምልጦ እግሩን መትቶት፣ ቁስሉ አብጦ፣ በአህያ ተጭኖ ነው የደረሰው። ሐኪሙ እግሩን ዳሰሱና መግሉ ቶሎ ተከፍቶ ቢወጣ ሁለት ጣቶቹን ብቻ እንደሚያጣ ነገሩት። ደምለው ጣቶቹን አየት አድርጎ፣ ከሁለቱ አንዱ ድሮም አያገለግለውም ነበርና ምርቃት ይሁን አለ። የቀረው ቢላዋውን መቀቀል ነው። ማፍያው ግን አልፈላም አለ። ሐኪሙ በእንጨት እሳት እንዲቀቅሉ እንዲፈቀድላቸው ማመልከቻ ላኩ፤ ጭስ የተከለከለ መሆኑ ተመለሰላቸው። ጭራሽም ከጎንደር ተቆጣጣሪ ኮሎኔል ሊመጡ በመሆኑ ክልከላው እንዲጠብቅ፣ ማፍያውም በእነዚያ ቀኖች ለክቡርነትዎ መሰናዶ ብቻ እንዲውል አዲስ ትእዛዝ ወጣ። ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ዘበኛ ቆመ። ደምለው በረንዳው ላይ ተኝቶ ከቀን ወደ ቀን እብጠቱ ከቁርጭምጭሚቱ አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ እናይ ነበር። እሱም ያይ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ውኃው ዛሬም እንቢ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ኮሎኔሉ በሚገቡበት ማለዳ እርስዎ ረዘም ላለ መታጠብ ገቡ። ሐኪሙና እኔ ከማፍያው አጠገብ ቆመን እንፋሎት እንጠብቃለን። ሞተሩ እያቃሰተ ነበር። በድንገት ከዕቃው ሆድ ውስጥ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ተሰማ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ሞተሩም ቀጥ አለ። ሐኪሙ ዕቃውን አላዩትም። መሣሪያዎቹን ከነሳሕናቸው አነሡ፣ ደምለውን በቃሬዛ አስያዙና ወደ በሩ አመሩ። ዘበኛው መሣሪያ ከግቢ ማውጣት ክልክል መሆኑን ሲነግራቸው፣ "ስሜን ጻፈው፤ አሁን ግን ዞር በል" ብለው አለፉ። እኔም ተከተልኩ።

የሄድንበት ቤት የእትዬ ኩብራ ቤት ነበር፤ ከግቢው ቅርብ ያለውና ምድጃው ሁልጊዜ እሳት የማያጣው እሱ ነበርና። ሁሪያ ሕፃኑን አዝላ እሳቱን አነደደች፣ ጎረቤቶቿ ውኃ ተቀባበሉ። እዚያው ምድጃ ላይ ውኃው ተንተከተከ፤ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐኪሙ ቢላዋ ተቀቀለ። ደምለው ግን በጣቶቹ አልዳነም። እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። ሐኪሙ ሲጨርሱ ከደጃፉ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ሲመለከቱ ቆዩ፤ በጣሊያንኛ ለራሳቸው የተናገሩትን አልተረጉመውም፤ የሚመለከተው እርስዎን ስለሆነ ግን ቢገምቱት አይሳሳቱም።

ወደ ግቢ ስጠራ፣ ክቡርነትዎ ከጆሮዎ ጀርባ ሳሙና እንዳለ፣ ኮሎኔሉ ፊት ቆመው ነበር። ማፍያውን መርዘኛዋ ሴት እንዳበላሸችው፣ ሐኪሙም ከእሷ ጋር እንደተባበሩ ሲያስረዱ ደረስኩ። እትዬ ኩብራ ከመጋዘኑ ወጡ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ነጠላቸውን ግን አስተካክለው ነው የለበሱት። ኮሎኔሉ በእኔ በኩል፣ በዚህ ዕቃ ውስጥ ምን ጨመርሽ ብለው ጠየቋቸው።

እትዬ ኩብራ ክዳኑን ትኩር ብለው አዩና፣ "ይህ ሽቦ ሳይበጠስ በየት በኩል እጄን ልስደድ? ያሰረውን ሰው ይጠይቁልኝ" አሉ።

ተረጎምኩ። እውነቱን ልናገርና፣ በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የተረጎምኩት ነገር የለም። ኮሎኔሉ ጎንበስ ብለው እርሳሱን አዩ፤ አልተነካም። ያንኑ ማኅተም ቀጥለው ያዩት ከክቡርነትዎ የጣት ቀለበት ላይ ነበር። እጅዎን ወደ ኪስዎ ሲከቱ ሁላችንም አየን። ከዚያ ኮሎኔሉ ሽቦውን በራሳቸው እጅ ቆርጠው ክዳኑን አስከፈቱ። ማሞቂያው ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ከላይ ጥቁር፣ ከሥሩ ነጭ፣ የሰው ክንድ የሚያህል ድንጋይ ለብሷል፤ በላዩም ላይ ያ የአገርዎ ቅጠል ከሰል ሆኖ ተጣብቋል። ኮሎኔሉ አንዱን ቅጠል ቆንጥረው አሸተቱና ለእርስዎ ምን እንዳሉዎት ሰምቻለሁ። ሰው ስለሚያነበው አልጽፈውም፤ ለገበያው ግን በዚያው ቀን ተርጉሜለታለሁ።

ፍርዱ እንደምናውቀው ሆነ። አንድ ሬዚደንት ተሳሳተ ማለት ለመንግሥት ክብር ስለማይስማማ፣ እትዬ ኩብራ ላልሠሩት ወንጀል ይቅርታ ተደርጎላቸው፣ ይቅርታውንም ስለተቀበሉ አመስጋኝ መሆናቸውን በአውራ ጣታቸው እንዲያትሙ ተደረገ። ወጣቱ ሐኪም ትእዛዝ በመጣስ ከመተማ ተዛወሩ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማንም። ሲሄዱ ሁሪያ ሕፃኑን አምጥታ አሳቀፈቻቸው፣ ደምለው ደግሞ ከበረንዳው ሆኖ ባርኔጣ ባይኖረውም ባርኔጣ እንደሚያነሣ ሰው እጁን አነሣላቸው። ለክቡርነትዎ፣ ሐኪም ቤቱን በኤሌትሪክ ስላሠለጠኑ የምስጋና ወረቀት መጣልዎ።

እኔም በዚህ አጋጣሚ የራሴን ልጨምር። ማፍያው ስለተቃጠለ፣ የተቃጠለውን የሚተካ ስላልመጣ፣ ያለ እሳትም መሥራት ስለማይቻል፣ የጭሱ ክልከላ ሳይነሣ ተረሳ። ከዚያ ጀምሮ በሐኪም ቤቱ በአንድ ትልቅ ድስት፣ በእንጨት እሳት እንቀቅላለን፤ ድስቱም ድንጋይ ሲይዝ እትዬ ኩብራ በሰጡን ሁመር እንዘፈዝፈዋለን። በሬዚደንትነት ዘመንዎ ለሐኪም ቤታችን ከሠሩለት ሥራ ሁሉ ይህ ትልቁ ነው፤ ዕቃውን ፈጽመው ባያጠፉልን ኖሮ ዛሬም እንጠብቅ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ከመጨረሴ በፊት ወደ ኮኪት ሄጄ አያ ደምለውን ለሹሙ የሚላክ ቃል እንዳለው ጠየቅሁት። ለመጪው ሰሊጥ መሬቱን ተቀምጦ እየመነጠረ ነበር፤ ልጆቹ ፊት ፊቱ ጭራሮ ያስራሉ። ብዙ አሰበና እንዲህ አለኝ፦ "እግሬን የቀበርኩት ከሐኪም ቤቱ አጥር ጀርባ ነው በይልኝ። ምናልባት ከተመለሱ እንዳይረግጡብኝ።"

ከእርስዎ በፊት መተማ የነበረች፣ ከእርስዎም በኋላ ያለች፣ ክቡርነትዎን በሠሩት ልክ የምታከብር፣ በተረጎመችልዎ ቃል ሁሉ እስከ ዛሬ የምታፍር፣

ስመኝ ያረጋል
ከመተማ ዮሐንስ

ይህም ይጨመርልኝ፦ ባለፈው ሳምንት እንግሊዞቹ አዲስ ሹም አስገብተውልናል። ትሑትና ሰላምታ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ በደረሱ በማግስቱ በአስተርጓሚ አስጠርተውኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር፣ ፍል ውኃ የሚታጠቡበት ቦታ የት እንደሆነ ነው። እትዬ ኩብራ ይህን ሲሰሙ የደብዳቤው አንድ ቅጂ እንዲቀመጥ መከሩኝ። ገልብጬ አስቀምጫለሁ፤ የተቀባዩን ስም ቦታ ብቻ ባዶ ትቼዋለሁ።